ስም ሳይጠየቁ መታወቅ፦ በኢንተርኔት ላይ ስለምንተወው ዲጂታል አሻራ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ሳውላ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ገሱባን ያውቃታል። የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባለፈው ዓመት በዚያ ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ፊዚክስ ትምህርት ገለጻ እንድናደርግ ተጋብዘን ነበር። ያዘጋጀነው ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ ነበር፤ የጥያቄና መልስ ሰዓት ሲደርስ ግን ከኋላ የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከብርሃንም ከሌንስም ጋር የማይገናኝ ጥያቄ አነሣች።

«ቲቸር፣ በእናቴ ስልክ ውጭ አገር ስላለ ነጻ የትምህርት ዕድል ፈለግሁ። ስሜን አልጻፍኩም፤ ምንም አልሞላሁም። ካየሁ በኋላም ያየሁትን ሁሉ አጠፋሁት። በማግስቱ የእግር ኳስ ውጤት ልይ ብዬ ሌላ ገጽ ስከፍት የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ መጣብኝ። ስሜን ሳልነግረው እንዴት አወቀኝ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛም «ኩኪ የሚባል ነገር ነው» ብለን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድተን አለፍን። ወደ ሶዶ ስንመለስ ግን መልሳችን ለራሳችንም አልዋጥልን አለ። ልጅቷ «አጠፋሁት» ብላ ነበርና። የሰጠናት የመልሱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ቀሪውን ግማሽ ለእርሷም ለሌሎች አንባቢያንም ለማድረስ የተዘጋጀ ነው።

ኩኪና ከኩኪ በኋላ የመጣው

ድረ ገጽን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር በተፈጥሮው ረሺ ነው። አንድን ገጽ ከላከልን በኋላ ሁለተኛውን ስንጠይቀው ከአሁን በፊት አይቶን እንደሆነ አያስታውስም። ይህን ችግር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈለሰፈ። አሠራሩ በአዳራሽ በር ላይ ቦርሳ አስቀምጠን እንደምንቀበለው ቁጥር ያለበት ካርድ ነው። ገጹ ቁጥር ይሰጠናል፤ ተመልሰን ስንመጣ ቁጥሩን እናሳየዋለን፤ እርሱም ያስታውሰናል። ችግሩ የመጣው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በሺህ በሚቆጠሩ የተለያዩ ገጾች ላይ ቆሞ ያንኑ አንድ ካርድ ማንበብ ሲጀምር ነው። የትምህርት ዕድል የሚያወጣው ገጽና የእግር ኳሱ ገጽ እርስ በርስ አይተዋወቁ ይሆናል፤ በሁለቱም በር ላይ የቆመው ዘበኛ ግን አንድ ሰው ነው።

ይሁንና ካርዱ ያለው በእኛ ኪስ ነው። ልንጥለው እንችላለን። የድረ ገጽ ማሰሻዎች (ብራውዘሮች) የሌላ ወገን ኩኪን ማገድ ሲጀምሩና ተጠቃሚዎችም መደምሰስ ሲለምዱ፣ ተከታታዮቹ በኪሳችን የማይቀመጥ፣ ስለዚህም ልንጥለው የማንችለው ምልክት መፈለግ ነበረባቸው። ያገኙትም እኛኑ ነው።

ማሰሻችን አንድን ገጽ ሲከፍት ስለ ራሱ ብዙ ያወራል። ስሙንና የስሪት ቁጥሩን፣ የሚሠራበትን ሥርዓተ ክወና፣ የስክሪኑን ስፋት፣ የሰዓት ክልሉን፣ ባለቤቱ የሚመርጣቸውን ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ከተጠየቀም የትኞቹ የፊደል ቅርፆች (ፎንቶች) እንዳሉት፣ የሥዕል ማቀነባበሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ይገልጣል። ከእነዚህ አንዱም ምስጢር አይደለም። ገጹ በስልክ ስክሪን ልክ እንዲታይ ስፋቱን ማወቅ አለበት፤ በአማርኛ ሊያናግረን ቋንቋችንን ማወቅ አለበት። በገሱባ የገበያ ቀን አንድን ሰው ከሩቅ ለማወቅ መታወቂያውን ማየት አያስፈልግም። ረጅም ነው፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጓል፣ ግራ እግሩን በትንሹ ይጎትታል፣ ነጭ አህያ ይነዳል። ረጅም ሰው ብዙ ነው፤ አረንጓዴ ኮፍያም ብዙ ነው። አራቱን ያጣመረው ግን አንድ ሰው ነው። ዲጂታል አሻራ የሚባለው ይህ ነው።

አሻራ በቢት ሲለካ

የፊዚክስ ሰዎች ነንና ይህን በቁጥር ሳናስቀምጥ ማለፍ አንችልም። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጥናት መረጃን የምንለካበትን መንገድ ሰጥቶናል። የአንድ ምልክት ይሆንታ 1/2 ከሆነ ምልክቱን ማወቅ አንድ ቢት መረጃ ይሰጣል፤ 1/4 ከሆነ ሁለት ቢት፤ 1/1024 ከሆነ አሥር ቢት። በቀመር ሲጻፍ የይሆንታው ግልባጭ ሎጋሪዝም በመሠረት 2 መሆኑ ነው። በቴርሞዳይናሚክስ ክፍል የቦልትዝማንን ኤንትሮፒ ያየ ተማሪ ዝምድናውን ወዲያውኑ ያስተውለዋል።

የዓለም ሕዝብ ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው። 33 ሁለቶችን እርስ በርስ ብናባዛ (2³³) ወደ 8.6 ቢሊዮን ይመጣል። ስለዚህ በምድር ላይ ያለን ማንኛውንም ሰው ለይቶ ለማውጣት የሚበቃው 33 ቢት ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ 27 ቢት ገደማ ይበቃል። አሥራ ስድስት ሺህ ሰው ባለበት ከተማ ውስጥ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ 14 ቢት።

አንድ ማሰሻ ስንት ቢት ያወጣል? የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባልደረባ የነበረው ፒተር ኤከርስሊ እ.ኤ.አ. በ2010 የ470,161 ማሰሻዎችን አሻራ ሰብስቦ ለካ። ውጤቱ ቢያንስ 18.1 ቢት ሆነ፤ ማለትም በዕጣ አንድ ማሰሻ ብናነሣ ያንኑ አሻራ የሚጋራው ከ286,777 ሌሎች ማሰሻዎች አንዱ ብቻ ነው። በጥናቱ ከተካተቱት ውስጥ 83.6 በመቶው ፈጽሞ አምሳያ አልነበራቸውም። ፍላሽ ወይም ጃቫ የተጫነባቸው ለብቻቸው ሲታዩ ቁጥሩ 94.2 በመቶ ደረሰ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበትን ነገር እናንሣ። ቢቶችን ዝም ብሎ መደመር የሚቻለው ምልክቶቹ እርስ በርስ ጥገኛ ካልሆኑ ብቻ ነው። ለአብነት ያህል፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ገጽ ላይ አማርኛን መርጦ የሚመጣው ከ4,096 ማሰሻ አንዱ ነው እንበል፤ ይህ 12 ቢት ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት የሚይዘው ደግሞ ከ32 አንዱ ይሁን፤ 5 ቢት። ድምሩ 17 አይደለም። አማርኛ የመረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገሩ ስለሚሆን፣ ቋንቋው ከታወቀ በኋላ ሰዓቱ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩ የሚገለበጠው ሰዓቱ የኦስሎ ወይም የሚኒያፖሊስ ሲሆን ነው። ያኔ ሁለቱ ተጣምረው ስደተኛውን ከሕዝቡ መካከል ነጥለው ያወጡታል።

ይህን በራሳችን ላይ አይተነዋል። ለዶክትሬት ትምህርት በአውሮፓ በነበርንበት ጊዜ፣ የኤከርስሊ መፈተኛ ገጽ እንደተከፈተ ሰሞን፣ በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ ሞከርነው። «እስካሁን ከተፈተኑት መካከል ይህን የመሰለ የለም» የሚል መልስ መጣ። በዚያው ክፍል ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን ያዘጋጃቸው። የእኛን ከሌሎቹ የለየው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤ የፎንቶች ዝርዝር። ለቤተሰብ ደብዳቤ ለመጻፍ ብለን ፓወር ግእዝንና ቪዥዋል ግእዝን ጭነን ነበር። ኒያላ የተባለው ፎንት ያን ጊዜ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ስለነበር አያጋልጥም ነበር፤ እነዚያ ሁለቱ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ «እዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ» ብለው የሚጮሁ ነበሩ። ስማችንን ሳንጽፍ በገባንበት ገጽ ሁሉ የራሳችን ፊደል ይመሰክርብን ነበር ማለት ነው። በጊዜው ሳቅንበት። ያን ጊዜ ከእኛ ጋር በዚያ ከተማ ይኖሩ የነበሩ፣ ስለ አገራቸው ጉዳይ በብዕር ስም የሚጽፉ ወገኖች ግን ነገሩን ስንነግራቸው አልሳቁም።

ዛሬ ያ መንገድ ጠቧል። ፍላሽ ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ሳፋሪ ከ2018 ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር የመጡትን ፎንቶች ብቻ ለገጾች ያሳያል። በምትኩ የመጣው ረቀቅ ያለ ነው። ገጹ ለዓይን በማይታይ ስፍራ አንድ መስመር ጽሑፍ እንዲሣል ያዛል፤ የተሣለውንም መልሶ ያነባል። የፊደሉ ጠርዝ የሚለሰልስበት መንገድ እንደ ሥዕል ማቀነባበሪያውና እንደ ሶፍትዌሩ ስለሚለያይ፣ ሥዕሉ ማሽኑን ይናገራል። ሞዌሪና ሻክም የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ2012 አሳዩ፤ በ2014 የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ100,000 ታዋቂ ገጾች በ5.5 በመቶው ላይ ሥራ ላይ ውሎ አገኘው። ከማሳያ ወደ ገበያ ለመውጣት ሁለት ዓመት በቂ ነበር።

ኳርትዝ አይዋሽም

ለእኛ ከሁሉ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተርና ስልክ ውስጥ ጊዜን የሚቆጥር የኳርትዝ ክሪስታል አለ። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ 2¹⁵ መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ሁለት ክሪስታሎች በትክክል አንድ ዓይነት ሆነው አይቆረጡም። አንዱ በሚሊዮን 50 ክፍል ቢፈጥን በቀን ውስጥ 4.3 ሴኮንድ ይቀድማል። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉት ሁለት ሰዓቶች የማይስማሙት በዚሁ ነው።

ታዳዮሺ ኮኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ኮምፒዩተር በሚልካቸው ፓኬቶች ላይ የራሱን ሰዓት ማኅተም የሚያደርግ ከሆነ፣ ከሩቅ ሆኖ ማኅተሞቹን በማነጻጸር የዚያን ክሪስታል ግድፈት መለካት ይቻላልን? ይቻላል። በሺህ ከሚቆጠር ማይል ርቀት ማሽኑ ሳያውቅ፣ ምንም ሳይጫንበት ለኩት። ግድፈቱም በአንድ ማሽን ላይ እንደጸና የሚቆይ፣ ከማሽን ማሽን የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። በተከታዩ ዓመት በካምብሪጅ ስቲቨን መርዶክ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። የኳርትዝ ድግግሞሽ በሙቀት ይለወጣል፤ ኮምፒዩተር ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል፤ ስለዚህ የተሸሸገን ማሽን በሥራ በማጣደፍና ሰዓቱ ሲዛነፍ በማየት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነትም ማሽኑ በየት አካባቢ እንዳለ ፍንጭ ሊሰጥ እንደሚችል ጠቁሟል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለ ኮምፒዩተርና ከአባያ ሐይቅ ዳር ያለ ኮምፒዩተር ሰዓታቸው የሚዛነፍበትን ልክ ለክቶ ማነጻጸር ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ይመስለናል፤ የሚሞክር ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለናል።

በስልክም ያው ነው። ጋይሮስኮፑ በፋብሪካ ሲስተካከል የእርማት ቁጥሮች ይሰጡታል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2019 እነዚህን ቁጥሮች ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ከአይፎን ላይ ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ፤ አፕልም በ12.2ኛው የአይኦኤስ ስሪት ዘጋው።

ቶርና የሰላምታው አሻራ

አሻራ ለማስታወቂያ ብቻ የሚውል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። በአገራችን የተፈጸመ፣ በዓለም የኔትወርክ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ።

በ2004 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የአገሪቱ ብቸኛ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ነበር፤ ብዙ የዜናና የአስተያየት ገጾችም ታግደው ነበር። እገዳውን ለማለፍ ቶር የተባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሰዎች ነበሩ። ቶር መልእክትን ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንዳንድ የምስጠራ ልብስ አስቀድሞ ደርቦ በሦስት ጣቢያዎች እያሳለፈ ስለሚልክ፣ በመካከል ያለ ሰው ይዘቱንም መድረሻውንም ማየት አይችልም። በግንቦት ወር ግን ቶር ከኢትዮጵያ በድንገት መሥራት አቆመ። የቶር ፕሮጀክት በዚያው ወር መጨረሻ እንዳስታወቀው ምክንያቱ የፓኬት ጥልቅ ፍተሻ ነበር።

ልብ በሉ፤ ምስጠራው አልተሰበረም። ሁለት ኮምፒዩተሮች በምስጢር መነጋገር ከመጀመራቸው በፊት ግን በግልጽ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «እነዚህን የምስጠራ ዓይነቶች እችላለሁ፤ አንተስ?» ይባባላሉ። የቶር ሰላምታ ከተራው ማሰሻ ሰላምታ በጥቂት ዝርዝሮች ይለይ ነበር። ፍተሻው የሚፈልገው ያንን ልዩነት ነበር። ፊቱን ተሸፋፍኖ የመጣ ሰው በአነጋገሩ ዘዬ እንደሚታወቅ ማለት ነው። መፍትሔውም ከዚያው ወጣ፤ ሰላምታውን ራሱን ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ቁጥር የሚያስመስል ድልድይ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የከፋ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር የሚገኙ የኢሳት ባልደረቦች ሰነድ የሚመስል ሰላይ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አጋልጧል። ያ ግን ከርእሳችን ወጣ ያለ ነው። ሰላይ ሶፍትዌር በር ሰብሮ ይገባል፤ አሻራ ግን በደጅ ላይ ቆሞ የእግራችንን ዱካ ያነባል። ሁለቱን የሚያደባልቁ ሰዎች ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ሲወስዱ ስለምናይ ነው ያነሣነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ላይ ራስን በኢንተርኔት ስለመጠበቅ የተሰጠ ሥልጠና እንደ ማስረጃ መቆጠሩም የሚታወስ ነው። ክሱ ለከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ቀሪዎቹም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ከ200 በላይ የታገዱ ገጾች የተከፈቱት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው።

ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ

አሻራ በማሽን ብቻ አይወሰንም። አንድ ወዳጃችን በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስም የሌለው አቤቱታ በአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። በኮምፒዩተር የተተየበ ስለሆነ የእጅ ጽሑፍ የለውም። ኃላፊው ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ አንብቦ ጸሐፊውን ጠራው። «ሰዓት»ን «ሠዐት» ብሎ የሚጽፍ በዚያ ቢሮ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ከወር በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ፣ እያንዳንዱም በግእዝ ወይም በራብዕ፤ ስድስት አማራጭ። በጠቅላላው 12 ጽሕፈት ነው። ሁሉም እኩል ቢዘወተሩ ኖሮ አንድ ቃል ብቻ ከሦስት ቢት ተኩል በላይ ያወጣ ነበር። እኩል አይዘወተሩም፤ ስለዚህ ከዚያ ያንሳል። ነገር ግን ብርቅ የሆነውን የሚመርጥ ሰው ከአማካዩ ይልቅ ብዙ ቢት ይከፍላል። «ዓለም»፣ «ሰላም»፣ «ዓመት»፣ «ኃይል» ሲጨመሩ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም «ተነሣ»ን በንጉሡ ሠ መጻፋችን ከየትኛው መምህር እጅ እንደተማርን ለሚያውቅ ያውቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የማይጠቅመውን እናስወግድ። ያየነውን ታሪክ መደምሰስ ለቤተሰብ ዓይን እንጂ ለገጹ አይደለም። ኢንኮግኒቶ የሚባለው መስኮትም ኩኪውን ይጥላል እንጂ ስክሪኑን አያጠብም፤ ፎንቱን አይቀይርም። ቪፒኤንም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ማኅበራዊ ገጾች በተገደቡ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች ነጻ ቪፒኤን በስልካቸው ጫኑ፤ ከዚያ በኋላ የማይታዩ የመሰላቸውም ጥቂት አልነበሩም። ቪፒኤን የሚለውጠው የኢንተርኔት አድራሻችንን ብቻ ነው። ኮፍያውም አህያውም እዚያው ናቸው፤ የመጣንበት መንገድ ብቻ ተቀየረ። በነጻ የሚሰጠንን ድርጅት ማን እንደሚከፍለው መጠየቅም የእኛ ፋንታ ነው።

ቀጥሎ ያለው ለብዙ ሰው አይዋጥም። ከአሻራ የምንሸሸው በመደበቅ ሳይሆን ሌላውን በመምሰል ነው። የተለያየ መከላከያ ተጨማሪ እየደራረበ፣ ማሰሻው ስሙን እንዲዋሽ እያደረገ የሚሄድ ተማሪ ራሱን ይበልጥ ብርቅ ያደርጋል። አይፎን ነኝ የሚል፣ ግን የዊንዶውስ ፎንት የያዘ ማሰሻ በዓለም ላይ ስንት አለ? ኤከርስሊም ይህንኑ ተቃርኖ አስተውሎታል። የቶር ማሰሻ ጥበቡ ተጠቃሚዎቹን ሁሉ አንድ ማስመሰሉ ነው። መስኮቱን ወደ ተወሰኑ ልኮች ያጠጋጋዋል፤ የሰዓት ክልሉን ለሁሉም አንድ ያደርጋል። ስለዚህ የሚጠቀምበት ሰው ተጨማሪ አይጫንበት፤ ቅንብሩንም አይነካካ። ፋየርፎክስ ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቁ አሻራ ሰብሳቢዎችን በራሱ ያግዳል። ብሬቭ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ በትንሹ የተለወጠ መልስ ይሰጣል፤ አሻራው ሁልጊዜ ብርቅ ነው፣ ግን ነገ የዛሬው አይደለም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለን የምንመልሰው፣ ለተራ ሰው የሁለቱም መኖር ካለመኖር እጅግ ይሻላል ነው። ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ግን ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀል።

በስልክ ላይ ትልቁ መታወቂያ አሻራ እንኳ አይደለም። በስማችን የገባንበት መለያ ነው። በፌስቡክ ወይም በጎግል መለያ ገብቶ ስለ አሻራ መጨነቅ ስሙን በደረቱ ላይ ለጥፎ ፊቱን እንደሚሸፍን ሰው ያደርጋል። ስለዚህ መታወቅ የማንፈልግበትን ፍለጋ በሌላ ማሰሻ ማድረግ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ከተጠቀምን መለያውን ዘግቶ መነሣት፣ በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ያለውን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር መሰረዝ፣ ለማያስፈልገው መተግበሪያ የአካባቢ ፈቃድ መንፈግ ቀላልና ትርፋማ ሥራዎች ናቸው። የአካባቢው ጉዳይ ቀላል እንዳይመስል፤ በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ መረጃ ለ15 ወራት ተከታትሎ፣ የቦታና የሰዓት አራት ነጥብ ብቻ 95 በመቶውን ሰው ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳይቷል። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፤ አራት ሆነ።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬነት ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ተቆጣጣሪ አድርጎ ሰይሟል። ለፋይዳ መታወቂያ የጣታችንን አሻራና የዓይናችንን ብሌን ከሰጠን በኋላ እንዲህ ያለ አዋጅ መኖሩ ተገቢ ነው። የማሰሻችንን አሻራ የሚሰበስቡት ግን አብዛኛዎቹ ከባሕር ማዶ ናቸው፤ የሚሰበስቡትም በእኛ ስልክ ላይ ምልክት ሳይተዉ ነው። ጎግል በየካቲት 2017 ዓ.ም. ማስታወቂያ ነጋሪዎች በዚህ ዘዴ እንዲጠቀሙ ደንቡን ሲያላላ፣ የብሪታንያው የመረጃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ኃላፊነት የጎደለው ብሎታል። በሌላ በኩል ባንኮች ይህንኑ አሻራ ሌባ በሰው መለያ ሲገባ ለመያዝ ይጠቀሙበታል። ቢላዋው አንድ ነው።

ዳግመኛ ገሱባ

መልሱ ግማሽ በመሆኑ ዕዳ ስለነበረብን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ መንገድ ስናልፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልን። ልጅቷንና ሁለት ጓደኞቿን ይዘን ከመምህራን ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና የሁላችንንም መሣሪያ በመፈተኛ ገጽ አየን። ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ።

የእኛ ላፕቶፕ እንደ ልማዱ አምሳያ የለውም ተባለ። የልጆቹ ስልኮች ግን ይህን ያህል ብርቅ አልነበሩም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቴክኖ ናቸው፤ ከሶዶ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ ፎንታቸውም ማሰሻቸውም እንደመጡ ያሉ። ይህ የእኛ ትዝብት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከሁለት ሚሊዮን በላይ አሻራ መርምሮ፣ ከኮምፒዩተሮቹ 35.7 በመቶው አምሳያ የሌላቸው ሲሆኑ ከስልኮቹ ግን 18.5 በመቶው ብቻ እንደነበሩ አግኝቷል። ውድ ላፕቶፕ ያለው ዶክተር ከሩቅ ሲታይ፣ ርካሽ ስልክ የያዘው ተማሪ በሺህ መንትዮቹ መካከል ይሰወራል።

ሁለቱ ቴክኖዎች ግን በአንድ ረድፍ ተለያዩ። የልጅቷ ስልክ የስክሪን ስፋት ከጓደኛዋ ያንሳል ይል ነበር። ስልኮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ መስተዋታቸው እኩል ነው። ቅንብሩን ስንከፍት ምክንያቱ ተገኘ። ጽሑፉና ምስሉ እንዲጎላ ማሳያው ወደ ትልቁ ደረጃ ተስቦ ነበር፤ ማሰሻውም ያንን ለገጹ ይናገራል።

«ወደ ነበረበት ብትመልሺው ከጓደኛሽ ስልክ አትለዪም» አልናት።

ስልኩን ተቀብላ ትንሽ አሰበችና ቅንብሩን ሳትነካ ዘጋችው።

«አይሆንም ቲቸር፤ እናቴ አይታያትም።»